ደረቅ ቆዳ

ፍሬን አይጠገንም፤ ይለወጣል። ነገሌ ውስጥ ይህን ከአፌ ያልሰማ ሾፌር የለም። ሌላውን ሁሉ እጠግናለሁ። የሚያፈስ ራዲያተር በሳሙና እደፍናለሁ፣ የተሰበረ ባሌስትራ በጠፍር ጠፍሬ ዶሎ ድረስ እሸኛለሁ፣ ሞቶ የመጣ ሞተርም እየተሳደብኩ አስነሳለሁ። ፍሬን ሲሆን ግን እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። «አዲስ ካመጣህ እገጥምልሃለሁ፤ ካላመጣህ እዚያች ግራር ሥር ተኛ» እላለሁ። ገብረወልድ ግትር ነው ይሉኛል። ይበሉ። ለምን እንደዚያ እንደምል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ሲገባ፣ ቦረናዎች ጋና የሚሉት ዝናብ እንደዚያ ዓመት ወርዶ አያውቅም። ሰው ዝናብ ጣለልን ብሎ ሳያመሰግን ጎርፍ መጣብን ብሎ መጮህ ጀመረ። ለዳዋ ወንዝ መሻገሪያ ተብሎ ከሰሜን፣ ከሐይቅ ዳር፣ አንዲት የብረት ጀልባ በተሳቢ ተጭና ከመጣች ሳምንቷ ነበር። ያመጣት ሾፌር የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ፈታትና «ተሳቢው ፍሬን የለውም፤ እንዴት እንደደረስኩ እኔም አላውቅ» ብሎ ዞሮ ሄደ።

ጎማው ውስጥ ያለውን የፍሬን ታምቡር ከፍቼ አየሁት። ይህ ተሳቢ ዘመኑን ሁሉ ጀልባ ሊያወርድ ሊያወጣ ከነጎማው ውኃ ውስጥ ሲገባ የኖረ ነው። ውስጡ ቀይ ዝገት ሞልቶታል፤ ታምቡሩን ተጣብቆ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ይለወጥ አልኩ። ቴሌግራም ተላከ። አዲሱ ሸራ እሑድ ከሻሸመኔ በሚመጣው መኪና ላይ እንደሚጫን መልስ መጣ። እኔም ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ ወደ ጋራዤ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ከዳዋ ፈረሰኛ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ደረሰ፤ እኔንም አስጠሩኝ። ፈረሱ አረፋ ደፍቋል። ሠላሳ አራት ሰው፣ ገበያ ሊሄድ የወጣ፣ ዳዋና አንድ ገባር ወንዝ መካከል ጉብታ ላይ ታግቷል አለ። ፊትም ኋላም ውኃ ነው። ዱቄታቸው አልቋል። ጉብታውን ጎርፉ ከሥሩ እየበላው ነው፤ ትናንት ማታ ዳሩ ላይ ታስረው የነበሩ ሁለት አህዮች ጠዋት ከነመሬቱ የሉም።

«ከሰዎቹ መካከል ማን ማን አለ?» አሉ አቶ ሙሉነህ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ።

ፈረሰኛው የሚያውቃቸውን ቆጠረ። ሸምሳን ሲጠራ ከኋላዬ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ። ሰማታር ነበር። ሸምሳ ሚስቱ ናት፤ የሁለት ወር ልጃቸውን ለእናቷ ልታሳይ ማክሰኞ ነው የወጣችው።

ሰማታር አሮጌ ፊያት ይነዳል። ከነገሌ ፊልቱ፣ ከፊልቱ ዶሎ ስኳርና ጨርቅ እያመላለሰ እናቱን ቀድሪያን ይጦራል። ዝምተኛ ነው። ቀደም ሲል መኪናው የታላቅ ወንድሙ የሀሺ ነበረ፤ ሀሺ ከሞተ በኋላ ነው እሱ መሪ የያዘው።

«ጀልባዋን አሁን እወስዳለሁ» አለ።

«ያለ ፍሬን?» አልኩት። «የዳዋን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። ሁለት ሺህ ኪሎ ብረት ከኋላህ ሲገፋህ በጭቃ ላይ የት ልትገባ ነው?»

«ተሳቢውን ትተን መኪናው ላይ እንጫናት።»

«ጀልባዋ ከመኪናህ ሦስት ክንድ ትረዝማለች። ኩርባው ላይ አፍንጫዋ ገደሉን ይነካና አንተን ይዛህ ትሄዳለች።»

«እሺ አንቱ ምን ይላሉ? እስከ እሑድ ጉብታው ይቆያል?»

አቶ ሙሉነህ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወረቀት ይወዳሉ እንጂ። «ገብረወልድ፣ በጽሑፍ ስጠኝ» አሉ። «ይጠገናል ወይስ ይለወጣል? ይለወጣል ካልክ እሑድን እንጠብቃለን። ይጠገናል ካልክ ትፈርማለህ፣ ይሄዳል።»

ሁሉም እኔን አዩ። ሰማታር አላየኝም፤ ዓይኑ ጀልባዋ ላይ ነበር። እሱን ባላይ ኖሮ ይለወጣል ብዬ እፈርም ነበር።

«ይጠገናል» አልኩ። አፌ የእኔ አልመስል አለኝ።

*

ሸራ ከሌለ ቆዳ አለ። በልጅነቴ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ስላላክ አለቃዬ የጋሪ ፍሬን በበሬ ቆዳ ሲያለብስ አይቻለሁ። ነገር ግን ቆዳው ወፍራም፣ የአንገት፣ ከሁሉም በላይ ደረቅ መሆን አለበት። ቅባት የነካው ቆዳ ብረት ላይ ይንሸራተታል። እኛ አገር ደግሞ ቅባት ያልነካው ቆዳ ከየት ይመጣል?

ኦቦ ዳዳቻ ዘንድ ሄድኩ። ዳዳቻ ከከተማው ዳር የሚኖር የቦረና ሽማግሌ ነው፤ የዳዋን መሻገሪያ እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቀዋል። አማርኛው ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ አቶ ሙሉነህንም አገረ ገዢውንም እኩል አንተ ነው የሚላቸው፣ ማንም ተቀይሞት አያውቅም።

«አካም ገብረወልድ? ናጋ?» ብሎ ሰላም አለኝ።

«ናጋ፣ ኦቦ ዳዳቻ። የበሬ አንገት ቆዳ ፈልጌ ነው። ያልተቀባ።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ሚስቱ ሎኮ ከጎጆው ጓዳ አንድ ጥቅል ይዛ ወጣች። ጥሩ ቆዳ ነው፤ እንደ ጣውላ ያንኳኳል። ፊቴ አስቀመጠችና እጇን ወደ ቅቤው ቅል ሰደደች።

«ተዪ!» ብዬ ጮህኩ። «አንድ ጠብታ እንዳይነካው!»

ሎኮ ደነገጠች። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። ለዳዳቻ በኦሮምኛ ብዙ ተናገረች፤ ከዚያ ሁሉ እሱ አጭሩን ተረጎመልኝ። «ለመንገደኛ ደረቅ ነገር ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም ትላለች። ደረቅ ነገር መንገድ ያደርቃል ትላለች። አፍራለች።»

«ይቅርታ በልልኝ። ግን ደረቅ ነው የምፈልገው።»

ለምን እንደሆነ ላስረዳት ይገባኝ ነበር። አላስረዳሁም፤ ቸኩዬ ነበርና ቆዳውን በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ይህን ነው።

ያን ቀን እስኪመሽ ቆዳውን በሸራው ልክ ቆረጥኩ፣ ከመዳብ ሽቦ ሪቬት ሠርቼ ቸነከርኩት፣ የታምቡሩን ዝገት በአሸዋ አሸሁ። ይህ ተሳቢ ፔዳል የለውም። ቁልቁለት ላይ ወደፊት ሲገፋ አንገቱ ላይ ያለው ዘንግ ይጫናል፤ ዘንጉ ሽቦውን ይስባል፤ ሽቦው ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ራሱ ገፍቶ ራሱ ይይዛል። በየታምቡሩ ጀርባ አንድ አንድ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች። የቆዳውን መበላት በመንገድ ላይ በእሷ በኩል ለማየት ብዬ ክዳኗን ሳልገጥም ተውኳት።

እጄ ሲሠራ ልቤ ሀሺ ዘንድ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት የፊያቱ ፍሬን ዘይት ያፈስ ነበር። የሚለወጥ ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ አልነበረኝም። ከጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ አስገባሁለት። ያ ላስቲክ ፊልቱ ድረስ ቢያደርስ እንደማይመልስ አውቅ ነበር። «ፊልቱ ስትደርስ ቁም፣ እዚያ ሌላ ፈልግ» ልለው አፌን ስከፍት ሀሺ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሰው ፊት «ገብረወልድ እያለ ማን ስፔር ይገዛል!» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ አደነቁ። እኔም ደስ አለኝ። ዝም አልኩ።

ሀሺ ፊልቱ ደርሶ፣ አራግፎ፣ ሲመለስ ገደል ገባ። መኪናው ወጥቶ ተጠገነ፤ እሱ አልተረፈም። መንገዱ ነው ተባለ፣ የአላህ ፈቃድ ነው ተባለ። እናቱ ቀድሪያ ለነፍሱ ካረደችው ፍየል ለእኔም ሥጋ ላከችልኝ፤ የልጄ ወዳጅ ነው ብላ። በእኛ ሃይማኖት ባይበላም፣ እምቢ ማለት አቅቶኝ በላሁት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል። እኔ ውስጥ ስምንት ዓመት ነቅዟል።

*

ዓርብ ማለዳ ለመንገድ ተሰናዳን። ተሳቢውን ግቢው ውስጥ አስጎትቼ ሞከርኩት፤ ቆዳው ቀጥ አድርጎ ያዘ። አቶ ሙሉነህ ጠረጴዛ አስወጥተው አስፈረሙኝ። እኔ ስፈርም፣ ሰማታር ዱቄትና ገመድ ሲጭን፣ ሎኮ የቅቤ ቅሏን ይዛ መጣች። የጀልባዋን አፍንጫ ቀባች፣ መረቀች። ከዚያ ተሳቢው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ስትል አየኋት። ጸሎት ነው ብዬ አለፍኩ። ሁዳዴ ነበር፤ የቅቤው ሽታ ሲመጣብኝ ፊቴን ማዞሬም እውነት ነው።

ዳዳቻ መንገድ ሊመራን ፊት ተቀመጠ፤ እኔ በመካከል። ሜዳው ላይ ፍሬን የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ጭቃው ራሱ ይዞን ነበር። ሁለት ጊዜ ተተክለን ሁለት ጊዜ ወጣን።

ስድስት ሰዓት ግድም ከቁልቁለቱ አናት ደረስን። ሰማታር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ወደ ገደሉ ጫፍ ሄደ። ከሥር ዳዋ እንደ ወንዝ ሳይሆን እንደ ሐይቅ ተንጣሏል፤ ከመካከሉ አንዲት ጥቁር ነጥብ። እዚያች ነጥብ ላይ አንድ ሰው ቀይ ጨርቅ ያውለበልባል።

እኔ ጎማዎቹን ልፈትሽ ወረድኩ። ዳዳቻ ተከተለኝ። ፊቴን አይቶ ፈራህ መሰለኝ አለ።

«ይህን ቁልቁለት የማይፈራ እብድ ነው» አልኩት።

«አትፍራ። ሎኮ አስተካክላዋለች።» ወደ ቀዳዳዋ አመለከተ። «ደረቅ ቆዳ አይሄድም ብላ፣ በዚህች በኩል አጠጣችው። የቀለጠ ቅቤ። ለሁለቱም ጎማ፣ ቅሉ እስኪያልቅ።»

ጣቴን ሰደድኩ። ሲወጣ እስከ ሁለተኛው አንጓ ቢጫ ነበር።

እኔ ሁዳዴ ስጾም ፍሬኔ ቅቤ በልቷል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ያን ቀን የጎማው ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ዳዳቻ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባውና ጋቢውን ሰበሰበ።

ሰማታር ገና ገደሉ ጫፍ ላይ ነው። የተባለውን አልሰማም። ልናገርስ? ፈትቶ ማጽዳት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ቢነጻ ነው። ጉብታው ሁለት ሰዓት ይኑር አይኑር አላውቅም። ደግሞ ብነግረው ሚስቱን እያየ ይቆምልኛል? በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ቢወርድ ምናልባት ይደርስ ይሆናል። ምናልባት። ይህን ምናልባት አውቀዋለሁ፤ ከስምንት ዓመት በፊት ጋራዤ በር ላይ ቆሜ የሀሺን መኪና አቧራ እያየሁ ያልኩት ነው። ያን ጊዜ የተበላሸው ላስቲኩ ብቻ አልነበረም። አፌም ነበር።

«ሰማታር» ብዬ ተጣራሁ።

መጣ።

«ፍሬኑ ውስጥ ቅቤ ገብቷል። እንዲህ ሆኖ አይዝም። ልፈታው ነው።»

ዳዳቻን አየ፣ ጣቴን አየ፣ ወንዙን አየ። «እንዲሁ ይሳፈሩ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ጋሼ ገብረወልድ፣ ያቺ ቀይ ጨርቅ የሸምሳ ሻሽ ናት።»

«አይሆንም።»

«ፈቃድዎን አልጠየቅኩም!»

«ሀሺም እንዲህ ቸኩሎ ነበር» አልኩ። ከዚያ ማቆም አልቻልኩም። ላስቲኩን ነገርኩት። ማወቄን፣ ልነግረው አፌን መክፈቴን፣ ሙገሳው ጣፍጦኝ መዝጋቴን ነገርኩት። እናቱ የላከችልኝን ሥጋ መብላቴን ሁሉ። «ወንድምህን የገደለው መንገድ አይደለም፤ የእኔ ዝምታ ነው። አንተን በዝምታ አላወርድም። ከፈለግህ ምታኝ፣ ግን መጀመሪያ ልፍታው።»

ሰማታር አልመታኝም። ዞሮ ከመኪናው ኋላ ሄደ። ምን እንዳደረገ አላየሁም፤ የፊያቱ ቆርቆሮ አንድ ጊዜ ብቻ በኃይል ሲጮህ ሰማሁ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ የቀኝ እጁ ጉልጥምት ደም ነክቶታል።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት።»

«ጀምሩ።»



ክሪኩን አስገባን፣ ጎማዎቹን አወረድን፣ ታምቡሮቹን ከፈትን። የሎኮ ምርቃት በደንብ ገብቷል፤ ቆዳው ጠግቦ ያብለጨልጫል። በቢላ ፋቅሁት። ቤንዚን ልጠቀም ብል ቆዳው ጠጥቶት ሲግል እሳት ይነሳል። ዳዳቻ እስከዚያ ድረስ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሞ ነበር።

«ሎኮ ክፉ አላሰበችም» አለ።

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።» ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እሷንም በዝምታዬ ነው ያሳሳትኳት።

«አመድ» አለ ዳዳቻ። «ቅቤ የሚፈራው ትኩስ አመድ ነው።»

ከግራሩ ሥር ደረቅ እንጨት ፈልጎ እሳት አነደደ። ትኩሱን አመድ ቆዳው ላይ እያፈሰስን በድንጋይ አሸን፤ አመዱ ቅቤውን ጠጥቶ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፤ ጥለን ሌላ እናፈሳለን። ታምቡሩንም በአመድ በአሸዋ አሸን። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ሰማታር ሲያሽ ዓይኑን ከወንዙ አይነቅልም። አንድ ጊዜ «ጨርቁ ወርዷል» አለ። ቆይቶ «ተነሳ» አለ።

ቅቤው መውጣቱን እንዴት እንወቅ? በእጅ አይለይም፤ እጃችንም ቅቤ ነው። ዳዳቻ ጎንበስ አለና ቆዳውን በምላሱ ላሰው። አስቦ፣ ምራቁን ተፋ። «ገና ነው» አለ። «አንተም ቅመስ።»

«ሁዳዴ ነው» አልኩት።

ሰማታር ሳቀ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት የማይቻል ነገር፤ ግን ከአፉ ወጣ። እንደገና አሸን። ዳዳቻ እንደገና ላሰ። «አመድ ብቻ» አለ።

*

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለመውረድ ተዘጋጀን። ሁለት ታኮ ያዝኩ፤ ጎማ ሥር የሚወረወሩ፣ እጀታ ያላቸው የግራር እንጨቶች ናቸው። በእግሬ ከተሳቢው ጎን፣ በገደሉ በኩል ልሄድ ቆምኩ።

«አንቱ እዚህ ይቆዩ» አለኝ ሰማታር ከመስኮቱ።

«ባለፈው ቆይቻለሁ» አልኩት። «ውረድ፤ ከጎንህ ነኝ።»

በአንደኛ ማርሽ ጀመረ። ዘንጉ ሲጫን፣ ሽቦው ሲወጠር ሰማሁ። ቆዳው ያዘ። ጀልባዋ ከላያችን ትወዛወዛለች፤ እኔ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት እየዋጠኝ እሮጣለሁ፤ ዳዳቻ ከወዲያኛው ጎማ በኩል ድንጋይ ታቅፎ ይከተላል። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፍን። ሁለተኛውን አለፍን። የተቃጠለ ቆዳ መሽተት ጀመረ።

ሦስተኛውን ኩርባ ሾፌሮች አውጣኝ ይሉታል። ጠባብ ነው፤ ከጎኑ ገደል። እዚያ ስንደርስ በእኔ በኩል ካለው ታምቡር ጭስ ወጣ። የቅቤ ጭስ ነው፤ ቆዳው ውስጥ የተረፈው በሙቀቱ ወጥቶ መሆን አለበት። ያኛው ጎማ ይዟል፤ የእኔው ለቀቀ። ተሳቢው ተጣመመ፣ ኋላው ወደ ገደሉ መዞር ጀመረ፣ የፊያቱንም ጀርባ ገፋው።

«ሰማታር፣ የግራው ለቋል! መሪህን ወደ ተራራው!» ብዬ ጮህኩ።

ወዲያው ዞረ፤ ምን፣ ለምን አላለም። የመጀመሪያውን ታኮ ወረወርኩ። ጎማው ጭቃ ውስጥ ቀበረውና አለፈበት። አንድ ታኮ ቀረኝ። መወርወር አላመንኩም። ተንበርክኬ በእጄ ከጎማው ሥር አስገባሁትና ያዝኩት። ጎማው ወጣበት። እጄን ለማውጣት ዘገየሁ። አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው፤ ሕመሙ ኋላ ነው የሚመጣው።

ተሳቢው ቆመ።

ዳዳቻ ድንጋዩን ከጎማው ሥር አስደገፈ፣ ሌላ ጨመረ። ሰማታር ዘሎ ወረደ። የገደሉ ጫፍ ከጎማው ሁለት ስንዝር ነበር። እጄን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። በክሪክ አንስተው አወጡኝ። የግራ እጄ ሁለት ትንንሽ ጣቶች አልነበሩም ማለት ይቻላል። ዳዳቻ ከጋቢው ቀዶ አሰረልኝ።

«እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ» አልኩ። «ከዚህ በታች ቁልቁለቱ ለዘብ ይላል። የቀኙ ብቻውን ይበቃል። ይህን የማውቀውን ነው የምነግርህ።»

«እሺ» አለ ሰማታር።

ቆዳው እስኪቀዘቅዝ ቆምን፣ አመድ ጨመርንበት፣ ወረድን። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጀልባዋ ውኃ ላይ ነበረች። ዳዳቻ ከሁለት የወንዙ ዳር ሰዎች ጋር ቀዘፈ። ጎርፉ ወደታች ወስዶ ወስዶ መለሳቸው። እኔ የፊያቱን ጎማ ተደግፌ ሕመሙ ዓይኔን እየጋረደኝ አያለሁ። ጀልባዋ ስትመለስ ከፊት የተቀመጠችው ሴት ራሷ ላይ ሻሽ የለም። ሻሹ ልጁ ተጠቅልሎበታል።

ሰማታር እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገባ። ልጁን ተቀበለ። እንደ ሕፃን ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል። እስኪጨልም ሴቶቹና ልጆቹ ተሻገሩ፤ ወንዶቹ ሲነጋ። የመጨረሻዎቹ ሲወጡ ከጉብታው የቀረው የአንድ ጎጆ ወለል ያህል ነበር።

*

እሑድ ከሻሸመኔ ሊመጣ የነበረው መኪና መንገዱ ተቆርጦ በሳምንቱ ዓርብ ደረሰ። አዲሱ ሸራ ከነሣጥኑ ጋራዤ በር ላይ ተቀመጠ። እኔ እጄን ጠቅልዬ ተቀምጫለሁ። ከዳዋ ከተመለስን ወዲህ ሰማታር አልመጣም። አይምጣ ብዬ ራሴን አዘጋጅቻለሁ፤ መብቱ ነው።

ሎኮ ግን መጥታ ነበር። ለእጄ ቅቤ ይዛ። ለምን ደረቅ እንደፈለግሁ ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ሰማችኝ፣ አሰበች፣ ከዚያ «ቀድመህ ብትል ኖሮ» አለች በተሰባበረ አማርኛ። ሌላ ምን ልትል?

ቅዳሜ ጠዋት ፊያቱ መጥቶ ከደጄ ቆመ፤ ከኋላው ተሳቢው። ሰማታር ወርዶ ሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ለእናቴ ነገርኳት» አለ። «ስለ ሀሺ።»



«ስድስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ዛሬ ጠዋት ጠራችኝ። "ሥጋዬን በልቶ ዝም ማለቱን እስክሞት አልረሳም በለው" አለችኝ።»

«እውነቷን ነው።»

«"ግን ወደ ሌላ መካኒክ እንዳትሄድ" አለችኝ።»

ሰማታር ተነሳና የፊያቱን ኮፈን ከፈተ። እጁ ላይ ያን ቀን ቆርቆሮውን የመታበት ቁስል ጠባሳ ይዟል።

«የተሳቢው ይለወጣል፤ ይህ አያከራክርም» አለ። «ስለ ፊያቱ ልጠይቅዎት ነው። ፍሬኑ፣ መሪው፣ ሁሉም። አንቱ የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩኝ እንጂ፣ ቅቤ የበላም ቢሆን እነዳለሁ።»

በርጩማ አመጣሁለት። ከፊት ጎማ ጀምሬ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ገና መሪው ላይ ነበርን።